የካራቆሬው ጋራዥ

ጥያቄ፦ ካራቆሬ መንገድ ዳር ሁለት አይሱዙ የማቆምበትና የምጠግንበት ጋራዥ በባሕር ዛፍ ቋሚና በቆርቆሮ ልሠራ አስቤያለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከምስጡ ይጀምሩ። የቆላ ምስጥ እርጥብ ባሕር ዛፍ አይምርም። ቋሚውን ልጠው በደንብ ያድርቁት፤ አፈር ውስጥ ከመቅበርም በኮንክሪት መሠረት ላይ በብረትና በብሎን ቢያስሩት እመርጣለሁ። እንዲህ ከሆነ ግን ያለ ሰያፍ ድጋፍ አይቆምም። የ1953ቱ የካራቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዴት እንዳፈረሰ ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ! በየማዕዘኑ ሰያፍ ይግባ፣ ሚስማር ብቻ አይመኑ። የጋራዡን ቁመት የአይሱዙው ጋቢና ወደ ፊት ተገልብጦ ይለኩ፤ ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ነው። ሞተር ማውረጃ ካቴናውን ግን ከጣሪያው እንጨት ላይ አይስቀሉ፤ የራሱን የብረት ማንጠልጠያ ያሠሩለት።