«አፊኒ?»፦ ለጀማሪዋ መምህርት የተጻፈ ምክር

ልጄ፣

በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆነሽ መቀጠርሽን እናትሽ በስልክ ስትነግረኝ እልል ለማለት ነው የቃጣኝ። ኢኮኖሚክሱን እንደምታውቂው አልጠራጠርም። ነገር ግን ማወቅ አንድ ሙያ፣ ማሳወቅ ሌላ ሙያ ነው፤ በአገራችን ደግሞ አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ነው ክፍል የምንገባው። እኔ ሁለተኛውን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንቺ እንዳትዘገዪ ይኸው ጻፍኩልሽ።

1. የምትኖሪበትን ምድር ጥያቄ ተዋሺ።

የሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ «አፊኒ?» ይላሉ፤ «ሰማችሁ?» እንደማለት ነው። ነገሩ በሁሉም ጆሮ መግባቱ ሳይታወቅ ወደ ውሳኔ አይሮጡም። የማስተማርም ቁም ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ መናገርሽ፣ ስላይዱን መጨረስሽ፣ ኮርሱን በጊዜው መሸፈንሽ ማስተማርሽን አያሳይም። ማን ሰማ? ማን ሳይሰማ ቀረ? ለምን? ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለጊያ ነው።

2. ከመዝራትሽ በፊት አፈሩን እዪ።

ዩኒቨርሲቲሽ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም ከመሠረቶቹ አንዱ የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ነበር። የእርሻ ሰው ዘሩ ባይበቅል አፈሩን አይሳደብም፤ መርምሮ የጎደለውን ይሞላል። አንቺም በመምህራን ክበብ «የዘንድሮ ተማሪ እኮ…» የሚል ወሬ ሲነሳ አትቀላቀዪ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሪሚዲያል ትምህርትም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጉድለቱ ልጆቹ አንቺ ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት የተጠራቀመ ነው።

ምደባው ከአራቱም ማዕዘን ነው የሚያመጣቸው። አንዷ እንግሊዝኛን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ስትሰማ ያደገች ናት፤ ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ የመምህሩን እንግሊዝኛ በልቡ ወደ አፍ መፍቻው እየመለሰ የሚከተል ነው። እሱ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ አንቺ ሦስተኛው ላይ ደርሰሻል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ቁራጭ ወረቀት አድዪና አራት ነገር ጠይቂ፦ በምን ስም ልጥራህ? ትምህርት ክፍሉን መርጠህ ነው ወይስ ደርሶህ? ከዚህ ኮርስ የሚያስፈራህ ምንድን ነው? ለማየት፣ ለመስማት ወይም ለመጻፍ የሚያስቸግርህ ነገር አለ? ብሔር አትጠይቂ። መልሱንም በሰው ፊት አታንብቢ።

3. የምትጽፊውን ተናገሪ፤ የምትናገሪውን ጻፊ።

ይህን የተማርኩት ከአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነው፤ የት እንደነበር ይቅር። የፍላጎትና የአቅርቦትን መስመር ሰሌዳው ላይ ስዬ «ይኼ ወደዚህ ሲመጣ ይኼ ይወርዳል» እያልኩ አስረዳለሁ። ልጁ የፊት ወንበር ላይ በስሌትና በስታይለስ ብሬል ይጽፋል፤ የስታይለሱ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማኛል። «ይኼ» ስል ድምፁ ቆመ። ጣቱ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ። አየሁት፤ አይቼም ቀጠልኩ። ከፈተና በኋላ ቢሮዬ መጥቶ «መምህር፣ ያን ቀን ‹ይኼ› ያሉት የትኛው ነበር?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጣቴን ትቼ ቃል መጠቀም ጀመርኩ፦ «ዋጋ በቋሚው መስመር ላይ፣ መጠን በአግዳሚው ላይ ነው፤ የፍላጎት መስመር ከግራ ከላይ ተነስቶ ወደ ቀኝ ይወርዳል»። ካርቶን ላይ ሲባጎ በሙጫ ለጥፌ መስመሮቹን በእጁ እንዲዳስስ አደረግሁ። የገረመኝ ግን የቀሩት ተማሪዎች ነገር ነው። ሰሌዳውን ይገለብጡ የነበሩት ያን ጊዜ ጥያቄ ማንሳት ጀመሩ፤ ለካ እነሱም «ይኼ» የሚለው አልገባቸውም ነበር።

መስማት የተሳነው ተማሪ ካለሽ ፊትሽን ወደ ሰሌዳው አዙረሽ አትናገሪ፤ ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው የዕለቱን ቃላት አስቀድመሽ ስጪ። ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የማጠናከሪያ ትምህርትና የተራዘመ የፈተና ሰዓት መስጠትን ደግሞ እንደ ውለታ አትቁጠሪው። ገና በ2001 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 ውስጥ ተጽፎ የነበረ ነገር ነው። አባቶቻችንም ቢሆኑ በቃል በሚሰጠው የቤተ ክህነት ትምህርት ስንት ዓይነ ስውር ሊቅ አፍርተዋል! ዓይን የሌለው ይማራል ወይ ብለው አልተጨነቁም፤ የሚሰማበትን መንገድ አስቀድመው ይዘው ነበርና።

4. ጠይቀሽ ዝም በዪ።

ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁትን ጊዜ ለክታ ነበር። አብዛኞቹ የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን መልሱ ረዘመ፤ የሚመልሱትም ልጆች በረከቱ። ታዲያ ጥያቄውን በልቡ እየተረጎመ የሚያስብ ልጅ ሦስት ሰከንድስ ይበቃዋል? አሥር ቁጠሪለት። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባለ ያደገን ልጅ በሰባ ሰው ፊት በአንድ ጊዜ ተናጋሪ አታደርጊውም። መጀመሪያ ብቻውን ይጻፍ፤ ቀጥሎ በቀለለው ቋንቋ ከጎኑ ካለው ጋር ይምከር፤ ከዚያ ለክፍሉ ይናገር።

ይህ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉሽ ይኖራሉ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ኮርሶችን የተመለከቱ 225 ጥናቶች አንድ ላይ ተመርምረው ነበር። በሌክቸር ብቻ ከተማሩት መቶ ተማሪዎች 34 ያህሉ ሲወድቁ፣ በተሳትፎ ከተማሩት የወደቁት 22 ያህሉ ናቸው። ከየመቶው 12 ልጅ ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ እናት አለችው።

5. ቡድን ከመደብሽ በኋላ አትሂጂ።

አንድ ለአምስት ተብሎ ቡድን ሲመደብ ብዙ ጊዜ የሚሆነውን አንቺም ተማሪ ሳለሽ አይተሻል። አንዱ ጎበዝ ይሠራል፤ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። ሴቷ «ጽሑፍሽ ያምራል» ተብላ ጸሐፊ ትሆናለች። ምርጫው ለራሳቸው ሲተው ደግሞ በቋንቋና በመጡበት አካባቢ ይሰባሰባሉ። ስለዚህ መዳቢያቸው አንቺ ሁኚ፤ ምክንያቱንም በግልጽ ንገሪያቸው። ከአራት አይብለጡ። ተናጋሪው፣ ጸሐፊውና ጠያቂው በየሳምንቱ ይፈራረቁ። ሲያቀርቡም በዕጣ የወጣ ማንኛውም ሰው ያስረዳ፤ ያን ጊዜ ጎበዙ ለጓደኞቹ ማስረዳት ግዴታው ይሆናል። በቅኔ ቤት ነባሩ አዲሱን ሲያስጠና ራሱም ይበስል የለ?

6. በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን የአሞራ ገደል አሣ አጥማጅ አስቢ።

መረቡን በየጊዜው ይፈትሻል፤ የተቀደደውን ዛሬውኑ ይጠግናል። አንቺም የሚድ ፈተና እስኪደርስ አትጠብቂ። በየሳምንቱ ከመውጣታቸው በፊት ስም የሌለበት ቁራጭ ወረቀት ላይ «ዛሬ ያልገባኝ» ብለው አንድ መስመር ይጻፉ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለዚያ ስጪ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስላለ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ብቻ አስጠኚ የሚሉሽ አይጠፉም። ፈተናውን የሚያልፈው ግን የገባው ልጅ ነው።

7. መስታወት ይኑርሽ።

ኤች ዲ ፒ የምንለው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም በ1996 ዓ.ም. ገደማ ነው የተጀመረው፤ የእንግሊዙ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ቪ ኤስ ኦ ባለሙያዎችም ረድተውበታል። አንድ ዓመት ይፈጃል። አሳታፊ ማስተማርን፣ ምዘናን፣ ተግባራዊ ምርምርን ያስተምራል፤ ከሁሉ በላይ ግን መምህሩ የገዛ ሥራውን መዝግቦ እንዲመረምር ያደርጋል። ብዙዎች ለዕድገት ወረቀቱን ፈልገው ይገቡበታል። አንቺ ለማስታወሻ ደብተሩ ስትዪ ግቢ። «ዛሬ ከኋላ ያሉት ለምን አላናገሩኝም?» ብለሽ የምትጽፊያት አንዲት መስመር ከሰርተፊኬቱ ትበልጣለች።

የምታምኛትን ባልደረባም ክፍልሽ ገብታ እንድታይሽ ለምኚ። ስለ አነጋገርሽ እንዳትነግርሽ፤ ማንን እንደጠየቅሽና ማንን እንዳለፍሽ ትቁጠርልሽ። እኔ ሲቆጠርልኝ አንድ ሰዓት ሙሉ የጠየቅሁት የፊት ረድፍ ወንዶችን ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ያን ሳላውቅ ስንት ዓመት እንዳስተማርኩ ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

8. በአንድ ሴሚስተር አንድ ነገር።

ክፍሉ ይሞላል፤ ፕሮጀክተሩ ይበላሻል፤ ደመወዙም እንደምታውቂው ነው። ሁሉንም በአንዴ ልለውጥ ካልሽ ትደክሚያለሽ፤ የደከመ መምህር ደግሞ ተመልሶ ሌክቸር ውስጥ ይደበቃል። በዚህ ሴሚስተር በቁራጭ ወረቀቷ ጀምሪ። በሚቀጥለው ቡድኑን አስተካክዪ።

ሰኞ የመጀመሪያ ክፍልሽ ነው ብላኛለች እናትሽ። ወረቀቶቹን ሰብስበሽ ማታ ቤትሽ ስታነቢ አንዱ ላይ ምን እንደምትመልሺ የሚያስጨንቅ ነገር አታጪም። የዚያን ጊዜ ደውዪልኝ፤ አብረን እናስብበታለን።

አጎትሽ