ከፍርድ በኋላ ያሉት 15 ቀናት

እኛ ቆቦ አካባቢ "ተፈረደበት" ከተባለ ብዙ ሰው ነገሩ አለቀ ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን በአደንዛዥ ዕፅ ክስ "አጥፍቷል ወይ?" እና "ስንት ዓመት ይገባዋል?" የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ዕፅ ያለ ፈቃድ ያመረተ፣ የደበቀ ወይም የሸጠ ሰው ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። መነሻው 5 ነው፤ የጽኑ እሥራት ጣሪያ ግን በአንቀጽ 108 መሠረት 25 ዓመት ነው። በመሃሉ የሰው ዕድሜ አለ! የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣውም ተመሳሳይ ጥፋት ተቀራራቢ ቅጣት እንዲያገኝ ብሎ ነው።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 185 እንዳስቀመጠው፣ ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው "ጥፋተኛ አይደለሁም" ብሎ ይግባኝ ማለት አይችልም፤ በቅጣቱ መጠን ላይ ግን ይችላል። "አምኗል፣ ምን ይላል?" ማለት ስህተት ነው ማለት ነው። ለምሳሌ የቀድሞ መልካም ጠባዩ በማቅለያነት ሳይያዝለት ቀርቶ ከሆነ፣ ያንን ማንሳት ይችላል።

ችግሩ ጊዜው ነው። በአንቀጽ 187 መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያው በ15 ቀን፣ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ከቆቦ ወልዲያ እየተመላለሰ ጠበቃ ለሚፈልግ ቤተሰብ 15 ቀን ምን አላት?

ስለዚህ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የፍርድ ዜና ስንጽፍ የዓመቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ይግባኝ መኖሩንና ቀኑንም እንጻፍ።