የሽቦ መጋጠሚያ አመራረጥ

በቤት የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ውስጥ ደካማው ቦታ ሽቦ ከሽቦ የሚጋጠምበት ነው። መጠኑ የተመረጠና ተስማሚ ብሬከር ያለው ሽቦ እምብዛም አይግልም፤ የላላ መጋጠሚያ ግን ብሬከሩ ሳይጥል ቤት ሊያነድ ይችላል። በሙዱላ ከተማ እንጨትና ጭቃ ቤቶች ውስጥ ሽቦው ብዙ ጊዜ ከኮርኒስ በላይ በደረቅ እንጨት ላይ ስለሚያልፍ ጉዳዩ ክብደት አለው። የሚከተለው ምልልስ በአንድ አዛውንት የኤሌክትሪክ ባለሙያና ሙያውን በሚማር ወጣት መካከል ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ሽቦውን ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለምን አይበቃም? በየቤቱ ያለው እሱ ነው፤ መብራቱም ይበራል።

አዛውንቱ፦ የሚበራው መብራት ስለሆነ ነው፣ ልጄ። ሒሳቡን እንሥራው። በመጋጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። የላላው ጥምዝ 0.1 ኦም ሬዚስታንስ አለው እንበል። 20 ዋት አምፖል በ220 ቮልት 0.1 አምፔር እንኳ አይስብም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከአንድ ሺህኛ ዋት በታች ነው። 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ ግን 16 አምፔር ያህል ይስባል። በዚያው ጥምዝ ላይ 25 ዋት ይፈጠራል ማለት ነው። ይህ ሬዲዮ ጠጋኝ ከሚበይድበት ትንሽ ካውያ ጋር የሚቀራረብ ኃይል ነው፤ በፕላስተር ተጠቅልሎ እንጨት ላይ ተኝቷል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ብሬከሩ ለምን አይጥልም?

አዛውንቱ፦ ብሬከር የሚያውቀው የከረንትን መብዛት ነው። የላላ መጋጠሚያ ከረንት አይጨምርም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሳል። እሳቱ ሲጀምር ብሬከሩ ምንም አላየም። ሙቀቱ መዳቡን ያጠቁራል፣ የጠቆረው መዳብ ሬዚስታንሱን ይጨምራል፣ ሬዚስታንሱ ደግሞ ሙቀቱን ያባብሳል። የተለመደው የፒቪሲ ልባስ የሚችለው 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ እየደረቀ ይሰነጠቃል። የጊቤ 3 ግድብ ኃይል ወደ ወላይታ ሶዶ በ400 ኪሎ ቮልት የሚላከውም ቅድም በሠራነው የከረንትና የሙቀት ሒሳብ ምክንያት ነው፤ ቮልቱ ሲበዛ ከረንቱ ያንሳል፣ በመንገድ የሚባክነው ሙቀትም አብሮ ይቀንሳል።

ወጣቱ፦ ጥምዙን ብበይደውስ?

አዛውንቱ፦ መጀመሪያ በፒንሳ በደንብ ተጠምዝዞ ከተበየደ አየርና እርጥበት ወደ መዳቡ አይገባም፤ ሬዚስታንሱም ዝቅ ይላል። ለሬዲዮና ለደወል ቀጭን ሽቦ ከዚህ የሚሻል የለም። ለምጣድ መስመር ግን አይመረጥም። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው ሊድ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከባድ ከረንት ሲያልፍበት ሊለሰልስ ይችላል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። የባለ ብዙ ክር ሽቦን ጫፍ በሊድ አጠንክሮ በቪቴ ሥር ማሰር የተለመደ ስህተት ነው። ሊድ ሲጨቆን ቀስ በቀስ ስለሚሸሽ፣ ዛሬ የጠበቀው ቪቴ ከወራት በኋላ ይላላል።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ለምጣዱ የቱ ይሻላል?

አዛውንቱ፦ ከሁሉ የሚሻለው መጋጠሚያ አለመኖሩ ነው። ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ ሶኬት ሳይቆረጥ የሚሄድ ሽቦ መዘርጋት። ጥቂት ሜትር ለመቆጠብ ሁለት ቁራጭ መቀጠል አይገባም። የግድ ከሆነ ለከረንቱ የሚበቃ ባለ ቪቴ ተርሚናል ይመረጣል፤ ቪቴው መዳቡን እንጂ ልባሱን እንዳይነክስ፣ ከተርሚናሉ ውጭም ራቁት ሽቦ እንዳይታይ። ለነጠላ ሽቦ ይህ ይስማማል። ባለ ብዙ ክር ከሆነ ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ቱቦ አልብሶ መጭመቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ቪቴው ክሮቹን ይቆራርጣል፣ ይበትናልም።

ወጣቱ፦ እነዚያ ቪቴ የሌላቸው፣ ዋጎ የሚባሉትስ?

አዛውንቱ፦ በውስጣቸው ያለው ስፕሪንግ ሽቦውን ሁልጊዜ ስለሚጫን የማጥበቅ ችሎታን አይጠይቁም፤ ለጀማሪ እጅ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ማንሻ ያለው ዓይነት ነጠላውንም ባለ ብዙ ክሩንም ይይዛል፣ ተከፍቶም እንደገና ይሠራል። ዋጋው ከፕላስተር ይበልጣል፤ ነገር ግን በላዩ የተጻፈው አምፔር ከጭነቱ ካላነሰ ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም። አስመስለው የተሠሩት ስፕሪንጋቸው ደካማ ሊሆን ስለሚችል ሲገዙ መለየት ያስፈልጋል።

ወጣቱ፦ የወፍጮ ቤት ሞተርስ?

አዛውንቱ፦ እዚያ ጠላቱ ንዝረት ነው። ንዝረት ቪቴን ያላላል፤ በሊድ የደረቀ ሽቦንም ከብየዳው ጠርዝ ላይ ይሰብራል። ስለዚህ የሽቦው ጫፍ ላይ የመዳብ ቀለበት በመጭመቂያ መሣሪያ ይታሰራል፤ ቀለበቱም በሞተሩ ብሎን ላይ ከስፕሪንግ ዋሸር ጋር ይጠብቃል። በፒንሳ ወይም በመዶሻ የተጠፈጠፈ ቀለበት የተጨመቀ አይባልም፤ ክሮቹ መካከል ክፍተት ይቀራል። ለሶላር ባትሪም ይኸው የተጨመቀ ቀለበት ይሻላል። በ12 ቮልት 100 ዋት ብቻ ከ8 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ ትንሽ የሚመስለው ጭነት መጋጠሚያውን ይፈትነዋል።

ወጣቱ፦ ከምሰሶ የሚመጣው አሉሚኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር ይጠመዘዛል?

አዛውንቱ፦ በፍጹም። አሉሚኒየም አየር እንደነካው ከረንት የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያወጣል፤ ሲሞቅም ከመዳብ የበለጠ ይለጠጣል፣ ሲጨቆን ይሸሻል። የዝናብ ውኃ ሁለቱን ሲያገናኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። ለዚህ ለሁለቱ ብረት ተብሎ የተሠራ ማገናኛ አለ። ከቆጣሪው በፊት ያለው ሥራ ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ የመንደር ሠራተኛ እጁን አያስገባም።

ወጣቱ፦ መጋጠሚያው ከተሠራ በኋላ የት ይቀመጣል? እንዴትስ ይፈተሻል?

አዛውንቱ፦ ክዳን ባለውና ሊከፈት በሚችል ሳጥን ውስጥ፤ በጭቃ ተመርጎ አይቀበርም። ውጭ ከሆነ ሳጥኑ ውኃ የማያስገባ ይሁን፣ ሽቦውም ከታች በኩል ይግባ። እያንዳንዱ ሽቦ ለየብቻ በእጅ ይሳባል፤ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ይሠራል። ከዚያ ምጣዱ ለግማሽ ሰዓት ተለኩሶ ይቆያል። ዋናው ብሬከር ተዘግቶ፣ በቴስተር ከረንት አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ሳጥኑ ይከፈትና መጋጠሚያው ይዳሰሳል። ከሽቦው ይበልጥ ከሞቀ ጥሩ አልተያዘም። የጠቆረ ጫፍ ካለም መልሶ ማጥበቅ አይረዳም፤ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ድረስ ተቆርጦ እንደ አዲስ ይጋጠማል።