ማታ ጋደም ስትዪ ጭንቅላትሽን የሚጫንሽ ምን ሊሆን ይችላል?

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ደህና ውለሽ፣ ልክ ጋደም ስትዪ ጭንቅላትሽ ውስጥ የሚወጥር ነገር ከተሰማሽ፣ የት ቦታ እንደሚጫንሽና መቼ እንደሚብስ ልብ በዪ። አብዛኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ ጥቂቱ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ግንባርሽና ጉንጭሽ ላይ ከሆነ፣ ስታጎነብሺም ከባሰብሽ፣ አፍንጫሽም ከታፈነ፣ ሳይነስ ሊሆን ይችላል። የሪያድ አቧራና ሌሊቱን ሙሉ ፊትሽ ላይ የሚነፍስ ኤሲ ያባብሱታል። ትራስሽን ከፍ አድርጊ፣ አልጋሽን ከኤሲው አዙሪ። ከማጅራትሽ ተነስቶ እንደ ሻሽ የሚያጠብቅሽ ከሆነ ግን ካውያና ምንጣፍ ላይ አቀርቅረሽ ስለዋልሽ፣ ውሃም ስላልጠጣሽ ይሆናል። አገር ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለመድሽ ሰው ቡና በአንዴ ካቆምሽም ያምሻል፤ እሱ በጥቂት ቀን ይተውሻል።

ፓናዶል ላይ ተጠንቀቂ። በወር ከ15 ቀን በላይ ከወሰድሽው ራሱ መድኃኒቱ ራስ ምታት ያመጣል። ደም ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ ሳትለኪ አታውቂውም። 180/120 ከደረሰና ራስሽን ካመመሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እርጉዝ ከሆንሽ ግን 140/90 ራሱ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ከሁሉም የሚያሰጋው ይሄ ነው፦ ስትተኚ የሚብስ፣ ጠዋት ይዞሽ የሚነሳ፣ ማስታወክ ያለበት፣ ዓይን የሚያደበዝዝ ወይም አንዱን ሁለት አድርጎ የሚያሳይ፣ ጆሮሽ ውስጥ ከልብ ምትሽ ጋር «ሹው ሹው» የሚል። የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። በአጭር ጊዜ ክብደት የጨመሩ ወጣት ሴቶች ላይ ይታያል፤ አንዳንድ የብጉር ክኒኖችም ያመጡታል። ካልታከመ ዓይን ያጠፋል። ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ካለም እስኪነጋ አትጠብቂ።

በክረምት ክፍል ዘግተሽ ከሰል አታንድጂ። ቤት ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።

ለማዳም «ራሴን አመመኝ» ብቻ ካልሻት ፓናዶል ሰጥታሽ ትሄዳለች። ስለዚህ ዝርዝሩን ንገሪያት፦ «ራሲ ዩውጅዕኒ ለማ አናም» (ስተኛ ራሴን ያመኛል)፣ «ዐዩኒ ትዘግልል» (ዓይኔ ይደበዝዛል)፣ «አስተፍሪግ» (ያስታውከኛል)። ማሳከም የአሠሪ ግዴታ ነው። የሥራ ሰዓትሽም በደንቡ በቀን ከ10 ሰዓት አይበልጥም፣ በሳምንት ደግሞ የ24 ሰዓት እረፍት አለሽ። ሐኪም ወረቀት ከሰጠሽ የሕመም ፈቃድ አለሽና ወረቀቱን ፎቶ አንሺው።

ምክር ለመጠየቅ 937 ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አምቡላንስ 997 ነው። ሙረባዕ ላለሽ፣ ብዙም የማይርቀው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ሰው «ሹመይሲ» የሚለው የንጉሥ ሳዑድ ሕክምና ከተማ ነው፤ ለታክሲ «ጠዋሪ፣ ሹመይሲ» ማለት ይበቃል። የኢቃማሽን ፎቶ ስልክሽ ላይ ያዢ።