ከአናፑርና ተራራ የመመለስ ነገር

ስለ ተራራ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ መውጣቱ ነው። ሰንደቅ ዓላማው ከጫፉ ላይ ሲውለበለብ ታሪኩ ያበቃል፤ ፎቶግራፉም ይታተማል። በጂኦግራፊ ትምህርታችን ስለ ሂማላያ ተራሮች በተማርን ጊዜ ለእኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን የፈረንሳዮች ጓድ በ1942 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1950) አናፑርናን ወጥቶ እንዴት እንደ ተመለሰ ባነበብሁ ጊዜ፥ ከጫፉ ላይ የቆዩት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሲሆን መመለሱ ግን ከአንድ ወር በላይ እንደ ፈጀባቸው ተረዳሁ። ስለዚህ መውጣቱን በአጭሩ አሳልፌ ስለ መጨረሻዎቹ ቀኖች ለማስረዳት አስቤአለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አናፑርና የሚገኘው በኔፓል አገር ነው። ከፍታው ያን ጊዜ 8,075 ሜትር ይባል ነበር፤ ዛሬ 8,091 ሜትር ተብሎ ይጻፋል። በዓለም ላይ ከ8,000 ሜትር የሚበልጡ ተራሮች 14 ሲሆኑ፥ ከዚያ በፊት ከነዚህ የአንዱን እንኳ ጫፍ የረገጠ ሰው አልነበረም። የጓዱ አለቃ ሙሴ ሞሪስ ኤርዞግ ነበር። ከርሱ ጋር ሉዊ ላሽናል፥ ሊዮኔል ቴሬና ጋስቶን ሬቡፋ የሚባሉ ሦስት ስመ ጥር የተራራ መሪዎች፥ ዣን ኩዚና ማርሴል ሻትዝ፥ ሐኪሙ ዣክ ኡዶና ሌሎችም ነበሩ። ከነርሱም ጋር በአንግ ታርኬ የሚመሩት ሸርፓዎች አሉ፤ እነዚህ በሂማላያ የሚኖሩ፥ ለከፍታ የለመዱ ሰዎች ናቸው። ጓዱ በመጀመሪያ ያሰበው ዳውላጊሪ የተባለውን ተራራ ለመውጣት ነበር፤ ግን የማይቻል ሆኖ አገኙት። አናፑርናን ለመፈለግም፥ የያዙት ካርታ ስሕተት ስለ ነበረበት፥ ብዙ ሳምንት አለፈባቸው። ከህንድ ውቅያኖስ የሚነሣው የሞንሱን ዝናብ፥ እኛ ክረምት በምንለው ወራት የሚዘንበው፥ በጁን መጀመሪያ እንደሚደርስ በራዲዮ ሰምተው ስለ ነበር እጅግ ተቻኰሉ። መከራው ሁሉ የመጣው ከዚህ ችኰላ ይመስለኛል።

ጁን 3 ቀን (ግንቦት 26 ቀን) ኤርዞግና ላሽናል ወደ ጫፉ ወጡ። በመንገድ ላይ ላሽናል እግሩ እየደነዘዘ መሆኑን አውቆ፥ እኔ ብመለስ አንተ ምን ታደርጋለህ ብሎ አለቃውን ጠየቀው። ኤርዞግ ብቻዬን እሄዳለሁ አለ። ላሽናልም ተከተለው።

በዚህ ነገር በክፍላችን ብርቱ ክርክር ሆኖ ነበር። አንዳንዶቹ ላሽናል ጀግና ነው አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ እግሩን እያወቀ ያጠፋ ሞኝ ነው አሉ። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ላሽናል የተራራ መሪ ነበር፤ እንጀራውን የሚያበስለው በእግሩ ነው። በማስታወሻው እንደ ጻፈው፥ የሄደው ለጫፉ ክብር ሳይሆን፥ ኤርዞግ ብቻውን ከሄደ እንደማይመለስ ስላወቀ ነው። ይህ ማስታወሻ በ1956 ሲታተም ከውስጡ ብዙ ተቈርጦ ነበር፤ ሙሉው የወጣው በ1996 ነው። ስለዚህ ከአርባ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሰው ሁሉ ያነበበው የአለቃውን ቃል ብቻ ነበር።

አሁን ወደ መውረዱ እንሂድ። ኤርዞግ ከጫፉ ጥቂት ወረድ ብሎ የጀርባ ከረጢቱን ለመክፈት ጓንቶቹን አውልቆ ከበረዶው ላይ አኖራቸው፤ እየተንከባለሉም ገደል ገቡ። በከረጢቱ ውስጥ ትርፍ የእግር ሹራብ ነበረው፤ በእጁ ሊያጠልቀው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ፈጽሞ ትዝ አላለውም። በ8,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሢሶ ያህል ብቻ ስለሆነ፥ ኦክሲጅን የተራበ አንጐል ቀላሉን ነገር እንኳ ማሰብ ያቅተዋል። በሥጋውም ላይ እንዲሁ ነው። ብርድ ሲበረታ ሰውነት ልብንና አንጐልን ለማዳን ሲል ወደ ጣቶች የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ደሙም በከፍታ ላይ ስለሚወፍር በጠባቡ መንገድ ማለፍ ይሳነዋል። ከዚያም በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል። የሚያስገርመው፥ በዚህ ጊዜ ሰውየው ሕመም አይሰማውም። የሚያመው ሲሞቅ ነው።

ወደ አምስተኛው ሰፈር ሲደርሱ ቴሬና ሬቡፋ ይጠብቋቸው ነበር። ቴሬ የኤርዞግን እጅ ሊጨብጥ ሲል እንደ እንጨት የደረቀ ሆኖ አገኘው። ላሽናል ደግሞ ከድንኳኑ በታች ወድቆ፥ የበረዶ መቈፈሪያውንና ጓንቱን ጥሎ ተገኘ። ሐኪሙ ዘንድ አሁኑኑ አውርደኝ፥ እግሬ ሊቈረጥ ነው እያለ ቴሬን ቢለምነውም፥ ጨለማ ስለ ነበረ ቴሬ በግድ ወደ ድንኳኑ መለሰው። ሌሊቱን ሁሉ ቴሬ የላሽናልን እግር፥ ሬቡፋም የኤርዞግን እግርና እጅ በገመድ ጫፍ እየገረፉ ደሙን ለመመለስ ደከሙ። ዛሬ ሐኪሞች ይህ ፈጽሞ የማይገባ መሆኑን ያስተምራሉ፤ በረዶ የሆነ ሥጋ ቢታሽ ወይም ቢመታ ይበልጥ ይቈስላልና። የሚገባው ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ማቆየት ነው፤ እንደ ገና የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን እስኪወርዱ ድረስ አለማሞቁ ይሻላል። ሁለቱን ጓደኞች ግን አልነቅፋቸውም፤ በዚያ ዘመን ትክክለኛው ሕክምና የሚመስለው ያ ነበርና፥ እንቅልፋቸውን ሠውተው አደረጉት። ሲነጋም የላሽናል እግር አብጦ ጫማው አልገባ ስላለው፥ ቴሬ የራሱን ሰፊ ጫማ ሰጥቶ እርሱ የላሽናልን ጠባብ ጫማ በቢላዋ ቀዶ አጠለቀ።

ጁን 4 ቀን ማዕበል ተነሥቶ መንገዱ ጠፋባቸው። ቴሬና ሬቡፋ በጉሙ ውስጥ ለማየት ሲሉ ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። ከፀሐይ የሚመጣው የማይታይ ጨረር በደመና ውስጥ እንኳ አልፎ፥ ከበረዶውም እየነጠረ ዓይንን ያቃጥላል፤ ስለዚህ በማግሥቱ ሁለቱም ማየት ተሳናቸው። ጀምበር ስትጠልቅ ላሽናል በድንገት ወደ በረዶ ስንጥቅ ወደቀ፤ እርሱም ለማደሪያ የሚበቃ ዋሻ ሆኖ ተገኘ። አራቱም እግራቸውን በአንድ የመኝታ ከረጢት ከተቱ። ሊነጋጋ ሲል የበረዶ ናዳ ወርዶ አለበሳቸው፤ ጫማቸውም ሁሉ ተቀበረ። ከአራቱ ሁለቱ ዕውሮች፥ ሁለቱ ደግሞ እጅና እግራቸው የሞተ፤ በዚህ ሁኔታ ጫማ ለማግኘት በረዶውን መማስ ነበረባቸው። ሻትዝ ያገኛቸው ያን ቀን ጧት ነው። አራተኛው ሰፈር ካደሩበት ስፍራ ከሁለት መቶ ሜትር ያህል አይርቅም ነበር!

ከዚያ በታች ሌላ ናዳ ኤርዞግንና ሁለት ሸርፓዎችን ይዞ ወረደ፤ ገመዱ ጠርንፎ አዳናቸው። በሁለተኛው ሰፈር ሐኪም ኡዶ የደም ሥሮቹን ለማስፋት በጭናቸውና በክንዳቸው ሥር መድኃኒት በመርፌ ይሰጣቸው ጀመር። መርፌው እጅግ የሚያሠቃይ ስለ ነበር ኤርዞግ ይጮኽ እንደ ነበር ራሱ ጽፎአል።

ሞንሱኑም ደረሰ። ሁለቱ ሰዎች መራመድ ስለማይችሉ፥ ከዚያ ጀምሮ ያለው መንገድ ሁሉ የተሸካሚዎች መንገድ ነው። አንዳንዴ በቃሬዛ፥ አንዳንዴ በቅርጫት፥ ገደሉ በጠበበበት ደግሞ በሰው ጀርባ ላይ ታዝለው ወረዱ። የሚሪስቲን ወንዝ ጐርፉ ሞልቶ ስለ ነበር፥ ለመሻገር ድልድይ መሥራት ግድ ሆነ። በየጫካው አልቅት ነበረ፤ ጭቃውም ያንሸራትት ነበር። የፈረንሳዮቹን ስም ሁላችን በመጽሐፍ እናገኛለን፤ በዚያ ዝናብ ሰው ተሸክመው በባዶ እግራቸው ገደል የወረዱትን የአገሩን ሰዎች ግን ማን እንደ ነበሩ ፈልጌ አላገኘሁም። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ ከጫፉ ይልቅ በዐይኔ የሚመጣብኝ ይህ ነው።

ሐኪሙ የሞቱትን ጣቶች አንድ በአንድ እየቈረጠ ሄደ። ወደ ህንድ ወርደው ባቡር ከተሳፈሩ በኋላ እንኳ ባቡሩ በየጣቢያው ሲቆም ይቈርጥ ነበር፤ ሲንቀሳቀስ እጁ ይናወጥበታልና። የላሽናል የእግር ጣቶች ሁሉ ሄዱ። ኤርዞግ የእግሩን ጣቶች በሙሉ፥ የእጁንም ጣቶች አብዛኛውን ክፍል አጣ። ፓሪስ የደረሱት በጁላይ ነው፤ ኤርዞግም ከአውሮፕላኑ በሰው ክንድ ወረደ።

ኤርዞግ በሆስፒታል ተኝቶ፥ መጻፍ ስለማይችል በቃሉ እያስጻፈ፥ «አናፑርና» የተባለውን መጽሐፍ በ1951 አሳተመ። በኋላም በፈረንሳይ መንግሥት የወጣቶችና የስፖርት ጉዳይ ሹም፥ የሻሞኒም ከንቲባ ሆነ፤ በ2012 በ93 ዓመቱ ዐረፈ። ላሽናል ብዙ ጊዜ ተቀድዶ ታክሞ፥ በተለይ በተሠራለት ጫማ እንደ ገና ወደ ተራራ ወጣ፤ እንደ ቀድሞው ፈጣን ግን አልሆነም። በኖቬምበር 1955 ከሻሞኒ በላይ በበረዶ ላይ በመንሸራተቻ ሲወርድ፥ በበረዶ የተሸፈነ ስንጥቅ ከሥሩ ተከፍቶ ገደለው። ዕድሜው 34 ዓመት ነበር።