የሚሠራ ማሽን ቁልፍ፦ ምክር ለቁንዝላው ልጅ

ልጄ፣ ከቁንዝላ ተነሥተህ ባሕር ዳር ሰርቨር ክፍል መግባትህ ደስ አሰኝቶኛል። እጅህ ፈጣን፣ ልብህም ቅን ነው። ግን «እስቲ አንዴ አስገባኝ» ላለህ ሁሉ እሺ ትላለህ። ቨርቹዋል ማሽን እየሠራ ሳለ እሺታ ያስከፍላል። ስለዚህ ረጋ ብለህ አንብበኝ።

1. መጀመሪያ ታችኛውን ጠብቅ። ሃይፐርቫይዘሩን የያዘ ሰው፣ በላዩ ያሉትን ማሽኖች ፓስዎርድ ባያውቅም ያጠፋቸዋል፤ ዲስካቸውን ገልብጦ ይወስዳል። ሰፈርህ አጠገብ ያለውን የጣና በለስ ውኃ መግቢያ ታውቀዋለህ፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ውኃ የሚያገኘው በዚያ ነው። ታንኳ ያለው ሁሉ ሐይቁ ላይ ይቀዝፋል፤ የመግቢያውን በር መዝጊያ የሚነካው ግን የተመደበ ሰው ብቻ ነው። ሃይፐርቫይዘሩም እንዲሁ ይሁን።

2. ኮንሶል ላይ ገብተህ አትተወው። ይህን ደጋግሜ የምልህ ወጣቶች ሁሉ የሚረሱት ስለሆነ ነው። በሩት ትገባለህ፣ ሥራህን ትጨርሳለህ፣ የብራውዘሩን መስኮት ትዘጋለህ። ወጣሁ ብለህ ሻይ ልትጠጣ ትሄዳለህ። ማሽኑ ግን አንተን ውስጥ እንዳለህ ነው የሚቆጥርህ። ቀጥሎ ያንን ኮንሶል የከፈተ ሰው ፓስዎርድ ሳይጠየቅ በአንተ ስም ያዝዛል። መስኮት መዝጋት መውጣት አይደለም፤ ሎግአውት በል። ኮንሶል የመክፈት ፈቃድንም ማሽኑን ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው አትስጥ።

3. ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ዩዘር ክፈትለት። አምስት ሰው «አድሚን» እያለ ሲገባ ሎጉ የሚነግርህ አድሚን አጠፋው ብሎ ብቻ ነው። የሁሉም የሆነ ስም የማንም ስም አይደለም።

4. ሰው ግሩፕ ውስጥ ከማስገባትህ በፊት ግሩፑ ምን እንደሚያስችል አጣራ። እ.ኤ.አ. በ2024 ማይክሮሶፍት ያጋለጠውን ልንገርህ። ከዶሜይን ጋር የተያያዘ የቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ ሰርቨር፣ «ኢኤስኤክስ አድሚንስ» የሚባል ግሩፕ ካገኘ አባላቱን ያለ ምንም ጥያቄ ሙሉ አዛዥ ያደርጋቸው ነበር። ቤዛ ጠያቂ ሌቦች ዶሜይኑ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግሩፑን ራሳቸው ፈጥረው ማሽኖቹን ቆለፉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሊኑክስ ላይም ተራ ዩዘርን ሊብቨርት ግሩፕ ውስጥ መጨመር ብዙ ጊዜ ሩት ከመስጠት አይለይም።

5. ስናፕሾትን አትናቅ። ማሽኑ እየሠራ ከነሜሞሪው የተነሣ ስናፕሾት በዚያች ደቂቃ ሜሞሪ ላይ የነበረውን ፓስዎርድ ጭምር ይዞ ይቀራል።

6. በሌሊት ለሚሠራ ሥራ የሰዓት ገደብ ያለው ፈቃድ ስጥ፤ ሁለተኛ ዓይንም አቁምበት። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ላይ የደረሰውን ታስታውሳለህ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ተናግሯል፤ መነሻው የተለመደ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ነበር። እስኪነጋ ግን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለ አግባብ ከባንኩ ወጣ። ጉዳት ለማድረስ ጠላት መሆን አያስፈልግም።

7. ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚቀጣው ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ አይደለም፤ ፈቃድ ኖሮት ከተፈቀደለት ያለፈውንም ነው። በቃል የሰጠኸው ፈቃድ ወሰኑ የት እንደነበር በኋላ ማን ይመሰክርልሃል?

በል እንግዲህ፣ ዛሬ ከቢሮ ከመውጣትህ በፊት የዩዘሮቹን ዝርዝር አውጣና ሥራ የለቀቁትን አንድ በአንድ ዝጋ።