ምንባብ፦ ሣር የያዙ ሽማግሌዎች

ዳኞችና ሕግ ዐዋቂዎች ሌላው አገር ሽብርን በሕግ እንዴት እንደሚመክት ለማጥናት ባሕር ይሻገራሉ። የኢትዮጵያ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሲረቀቅም የውጭ ሕጎች ታይተው ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። ዳኛ ግን የሚፈርደው መዝገብ ሲቀርብለት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው በተሰማ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። መዝገብ የሚጠበቅበት ሰዓት አልነበረም። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሣር የያዘን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነውና፥ ወጣቶቹ ተመለሱ።

መልመጃ፦ «ዳኞችና» እና «ነውና» በሚሉት ቃላት ውስጥ ያለው «ና» አንደኛው ስምን ከስም ያጣምራል፤ ሁለተኛው ምክንያትን ያመለክታል። በሁለተኛው ዐይነት «ና» ሽማግሌዎቹ ለምን እንደ ተንበረከኩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።